ከሰንበቴ የቀረውን ሰው ማን ያየዋል?

ባለፈው ኅዳር ታይፎይድ ይዞኝ አዲስ አበባ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ አራት ቀን ተኛሁ። ስልኬ ላይ ከ400 በላይ ሰው ተመዝግቧል። ቴሌግራም ላይ የ11 ግሩፕ አባል ነኝ፤ አንዱ የባች ልጆች ነው፣ አንዱ የሰፈር ልጆች፣ አንዱ ደግሞ ስሙን የማልነግራችሁ የኳስ ውርርድ ግሩፕ። በነዚያ አራት ቀናት «ምነው ጠፋህ?» ያለኝ ሰው ስንት ይመስላችኋል? አንድ። እሱም ብር ያበደረኝ ልጅ ነው።

በአምስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ እናቴ ከወረታ ደወለች። እንደ ልማዷ የእሑድ ዜናዋን ዘረገፈችው። ማን እንዳስቀደሰ፣ ማን ልጁን ክርስትና እንዳስነሣ፣ የሰንበቴው ተራ የማን እንደነበር። ከዚያ አያ እገሌን አነሣች። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ልጆቻቸው ሁሉም ሩቅ ናቸው። ያለፈው እሑድ ሰንበቴ ላይ ቦታቸው ባዶ ሆኖ ታየ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዎች ሄደው በር አንኳኩ። ወገባቸው ተይዞ ከአልጋ መውረድ አቅቷቸው፣ ውኃ እንኳን የሚያቀብላቸው አጥተው አገኟቸው።

እሳቸው የቀሩት አንድ እሑድ ነው። የሚያውቁት ሰው ቢቆጠር መቶ አይሞላ ይሆናል። ስልካቸው ደግሞ የቁልፍ ስልክ ናት፤ እሷም ብዙ ጊዜ ባትሪዋ ያለቀ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሄ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ከከነከነው «ሲስተሙ እንዴት ነው የሚሠራው?» ማለቱ አይቀርም። ለገና ስሄድ ቁጭ ብዬ አየሁት፣ ጠየቅሁ፣ እናቴንም አሰለቸኋት።

ወረታን ለማታውቁ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምታገኟት፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት፣ የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ያጓራሉ፤ ገለባው ክምር ክምር ብሎ ይታያል። ከከተማዋ ወደ ጣና ስትወርዱ ሜዳው ነው፤ ዓይን እስኪደክም ሜዳ። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነሥተው ይህን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ቀበሌዎቹ ውስጥ ኩሃር ሚካኤል፣ ቅድስት ሐና የሚባሉ አሉ። ልብ በሉ፣ ሰው ቀበሌውን የሚጠራው በታቦቱ ስም ነው።

ሰንበቴ ማለት በአጭሩ ይሄ ነው። የአንድ አጥቢያ ምእመናን ይሰባሰቡና እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየተራ ይደግሳሉ። ድግስ ሲባል ሠርግ እንዳይመስላችሁ፤ ዳቦ ወይም እንጀራ በወጥ፣ ንፍሮ፣ አንድ ጋን ጠላ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰንበቴ ቤት አለ፤ ዙሪያውን መደብ፣ ብዙ ጊዜ ጣሪያው ዝቅ ያለና ጭስ የጠገበ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ይባርካሉ፣ አባላቱ ይቀመጣሉ፣ ለነዳያንና ለቆሎ ተማሪዎች ድርሻቸው ይወጣል። መሪው ሙሴ ይባላል። አባልነቱ ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እኔም በወረቀት ላይ አባል ነኝ፤ የሞተው አባቴ ቦታ የኔ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ምንድን ነው? እኔ ስገምት የነበረው ምግቡ ነው። ድሃ ይበላል፣ ተማሪ ይበላል፣ ያ ነው እርዳታው ብዬ ነበር። አይደለም። በሳምንት አንዴ የሚቆረስ ዳቦ ማንንም ከድህነት አያወጣም። ዋናው መደቡ ነው። እያንዳንዱ ሰው በልማድ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። አንድ ሰው ሲቀር ክፍተቱ ይታያል፣ እንደ ወለቀ ጥርስ። ማንም ስም መጥራት አያስፈልገውም።

ክፍል ውስጥ ስለ ኢንሹራንስ ስንማር አስተማሪያችን ደጋግሞ የሚለው ነገር ነበር፦ የኢንሹራንስ ትልቁ ወጪ ካሣው ብቻ ሳይሆን መረጃውም ነው። ማን እውነት ታመመ? ማን አስመሰለ? ማን ከሰረ? ኩባንያ ይህን ለማወቅ መርማሪ ይቀጥራል፣ ቅጽ ያስሞላል፣ ማኅተም ይጠይቃል። ሰንበቴ ደግሞ ሰውን በየሳምንቱ አንድ ቦታ ያስቀምጠውና ያየዋል። አለቀ።

ስለ እድር ብዙ ተጽፏል። ስቴፋን ዴርኮንና አሉላ ፓንክረስት ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት እድሮች በጽሑፍ የሰፈረ ደንብና የአባላት ዝርዝር ያላቸው፣ ብዙዎቹም ከቀብር አልፈው ለሌላ ችግር የሚደርሱ ተቋማት መሆናቸውን አሳይቷል። እድር ሃይማኖትም አይለይም፤ ወረታ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ድንኳን ሥር የሚቀመጡባቸው ቀብሮች ስንትና ስንት ናቸው። ግን እድር የሚነሣው ጥሩንባ ሲነፋ ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላ። ሰንበቴ የሚያየው ሰውየው በሕይወት እያለ ነው።

ነገሩ የቆየ መሆኑን ለማየት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ክፈቱ። በመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሣው ጭቅጭቅ ስለ ምን ነበር? በየቀኑ ከሚታደለው ምግብ መበለቶቻችን ተረሱብን የሚል ነበር፤ ያውም ቅሬታው የመጣው ግሪክኛ ተናጋሪ ከሆኑት፣ እንደ እንግዳ ከሚታዩት ወገን ነው። ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት ለዚያ ነው። ዛሬ ዲያቆን ስንል መቅደስ ውስጥ መስቀልና ጧፍ የያዘ ልጅ ነው የሚታየን። ሥራው ሲጀመር ግን የተረሳ ሰው መፈለግ ነበር።

እስካሁን ያለው ጥሩ ጥሩው ነው። አሁን ወደሚያመው ልምጣ።

ሰንበቴ ተራ አለው ብያለሁ። ተራው ሲደርስ መደገስ ግዴታ ነው። ታዲያ የሚደግስበት የሌለው ሰው ምን ይሆናል? እንደኔ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ከሆነ ሰውየው ችግሩን ለቡድኑ ያሳውቃል፣ ቡድኑም ይደግፈዋል። በእውነተኛው ዓለም ግን ሰውየው ያፍራል። ሲያፍር ይቀራል። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ሰው እርዳታ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት እርዳታ ከሚገኝበት ቦታ የሚያርቀው ያው እርዳታው የቆመበት ደንብ ነው። ይሄን ከመጽሐፍ አላመጣሁትም፤ እናቴ ናት ያስተማረችኝ።

አባቴ የሞተው በ1998 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ነው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረውም ከተማ ሳይሆን ከርብ ወንዝ ብዙ በማይርቅ መንደር ነበር። ለአርባ ቀኑ ተዝካር አንዱ በሬ ተሸጠ። (ስለ ተዝካር ድግስ ሌላ ቀን እጽፍበታለሁ። ጸሎቱ ነው ዋናው፣ ከቻላችሁ ድሃ አብሉ እያሉ ካህናቱ ራሳቸው ይመክራሉ፤ ሰሚ ግን የለም። ሰው ምን ይለናል የሚለው ከስብከቱ ይበልጣል።) ከዚያ ክረምቱ መጣ።

የዚያን ዓመት ክረምት በጣና ዙሪያ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። በ1998 ማብቂያና በ1999 መባቻ ላይ ጎርፉ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቀለቀ። ለፎገራ ሰው ጎርፍ አዲስ አይደለም። ሜዳው ራሱ የተሠራው ርብና ጉማራ ከጉና ጠርገው ባመጡት አፈር ነው፤ ጥቁሩን ዋልካ የሰጠንም፣ ቤታችንን የሚወስድብንም ያው ውኃ ነው። ሩዝ የመጣውም ለዚሁ ውኃ ነው። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አምጥተው ጅግና በተባለው ቦታ ያስለመዱት ዝርያ እስከዛሬ «ኤክስ ጅግና» ነው የሚባለው። ሩዝ ውኃ ይወዳል። የዚያ ዓመቱ ውኃ ግን ሩዝ እንኳን የሚችለው አልነበረም። ጎታችን ውስጥ የነበረው ጤፍ ሻገተ። ጭድ የሚባል ነገር አልተረፈም። እኛ ልጆቹ ሰማይ የተኛበት የሚመስለውን ውኃ እያየን ደስ ብሎን ነበር፤ ልጅ ምን ያውቃል።

የአባቴ የሰንበቴ ተራ ኅዳር ላይ ነበር።

ጠላ ዛሬ አስበው ነገ የሚጠምቁት ነገር አይደለም። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ቀድሞ በቅሎ ደርቆ ይፈጫል፣ አሻሮው ይቆላል፣ ድፍድፉ ቀናት ይቆያል፣ ከዚያ ውኃ ይሞላል። ሁለት ሳምንት የሴት ጉልበት ነው። ሰንበቴ ቤት ውስጥ መደቡ ላይ የሚቀመጡት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ጋኑን የምትሞላው ማን እንደሆነች ግን ስትጠሩ አልሰማሁም። ለማንኛውም እናቴ እህልም አልነበራትም፣ ብቅል የምታበቅልበት ገብስም አልነበራትም።

ስለዚህ ጠፋች። ቤተ ክርስቲያን መሄዷን ግን አልተወችም። እሑድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ እኔን ይዛ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ሌላ አጥቢያ እንሄድ ጀመር። «እማዬ፣ የኛ ቤተ ክርስቲያን እያለ ለምን?» ስላት «እዚያ ማንም አያውቀንም» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም። አሁን ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር በድህነት ላይ ካነበብኳቸው ወረቀቶች ሁሉ ትከብደኛለች።

ሦስት እሑድ እንዲህ ሄድን። በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ይመስለኛል፣ የንስሐ አባታችን መምሬ መጡ።

የንስሐ አባትን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን የሚናዘዝበት አንድ ካህን ይኖረዋል፤ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ የሱ የንስሐ ልጅ ነው። የሰማውን ለማንም መናገር አይችልም። ክርስትና ላይ አለ፣ ሠርግ ላይ አለ፣ ጠብ ሲነሣ ያስታርቃል፣ ሲሞቱም ይፈታል። በገጠር ደግሞ ካህኑ እንደማንም አራሽ ነው። በተለይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያኗን ሰፊ መሬት ከወሰደ ወዲህ ካህናቱ የሚኖሩት ከገበሬው ጋር በተካፈሉት ማሳና ምእመኑ በሚያዋጣው ነው። የኛም መምሬ ውኃው ማሳቸውን በልቶባቸው ነበር።

መጡና ተቀመጡ። ለምን ቀራችሁ ብለው አልጠየቁም። «እስቲ ውኃ አምጪልኝ፣ ቤቱን ጠበል ልርጨው» አሉ። ጸሎት አድርሰው መርጨት ጀመሩ። ጠበል ሲረጭ እያንዳንዱ ጥግ ይረጫል፤ መደቡ፣ ምሰሶው፣ ከብቶቹ የሚያድሩበት፣ ጓዳው። ጓዳ ሲገቡ እንስራው ተገልብጦ፣ ጎታው ባዶ ሆኖ አዩት። እዚያም ረጩ። ወጡ፣ መስቀል አሳለሙን፣ ሄዱ።

ይህን ለአንድ ባንክ ውስጥ ለሚሠራ ጓደኛዬ ስነግረው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ኦዲት አደረጉ በለኛ!» ሳቅሁ፤ ግን እኮ ልክ ነው። ልዩነቱ ሪፖርቱን የጻፉት ለማንም አለመሆኑ ነው።

እሑድ ዕለት ሰንበቴው ላይ ለሙሴው «የሚመጣው ተራ የኔ ነው፣ ስለት አለብኝ» አሉ። ስለት የገባ ሰው አይከለከልም። በዚያ ሳምንት ከፋርጣ በኩል፣ ከዘመዶቻቸው ዘንድ፣ ገብስና ጌሾ የጫነች አህያ ደጃችን ላይ ቆመች። መምሬም ለእናቴ «ልጄ፣ የኔዋ ቄስ ሚስት አሟታል፣ የስለቴን ጠላ አንቺ ጥመቂልኝ» አሏት። ጠመቀች። ዳቦውን ጋገረች። ዳቦውን በራሴ ተሸክሜ ወደ አጥቢያችን የገባሁት እኔ ነኝ። ካህናቱ ሲባርኩ የአባቴ ስም ተነሣ። እናቴ የዚያን ቀን ሰው መሐል ቁጭ ብላ በላች። ከዚያ በኋላ አልቀረችም።

በእውነት ስለት ነበረባቸው? እናቴን ጠየቅኋት። «እዚያው ቆመው ተስለው ይሆናል» አለችኝ። ታሪኩን ሙሉውን የነገረችኝም መምሬ ካረፉ በኋላ ነው፤ እሳቸው በሕይወት እያሉ አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛው፣ ገብሱ የመጣው ከፋርጣ ነው፣ ከደጋ። ሮበርት ታውንሴንድ የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ሕንድ መንደሮች ያሳተመው የታወቀ ጥናት አለ፤ በመንደር የሚኖሩ ሰዎች የየግል ችግራቸውን በመረዳዳት በብዛት ይቋቋሙታል፣ የአንዱ ቤት ፍጆታ ከመንደሩ አማካይ ጋር አብሮ ይሄዳል ይላል። ደስ ይላል። ግን አማካዩ ራሱ ውኃ ሲበላውስ? ጎርፍ አንዱን መርጦ አይመታም፤ ሰጪውንም ተቀባዩንም ነው የሚጠርገው። የፎገራ ሰንበቴ በጎርፍ ዓመት ብቻውን አይችልም። ያዳነን ሜዳውን ከደጋው የሚያገናኝ አንድ ሰው መኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ ሰንበቴው መቅረታችንን ያየው የመጀመሪያው እሑድ ነው። ሦስት ሳምንት የፈጀው ማየቱ አልነበረም፤ ሳያሳፍር የሚገባ ሰው መገኘቱ ነው። መደቡ መረጃ ይሰጣል፣ ግን በአደባባይ ነው። የንስሐ አባት ደግሞ ያውቃል፣ ግን አይናገርም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚሠራው።

ዛሬ ይሄ ሁለተኛው ክፍል እየሳሳ ነው። ከተማ ስትገቡ አንድ ካህን የንስሐ ልጆቹን ቁጥር እሱ ራሱም አያውቀውም። እኔ ራሴ አዲስ አበባ ውስጥ የንስሐ አባት አለኝ፤ ስልካቸው አለኝ፤ ጓዳዬን ግን አይተውት አያውቁም። ቢያዩት ደግሞ ኢንዶሚና ባዶ የውኃ ጠርሙስ ነው የሚያገኙት።

ሌላም የሚታይ ቀዳዳ አለ። ከእናቴ የአሁኑ የወረታ ቤት ጎን በተከራየ ክፍል የሚኖር አንድ ልጅ አለ። ዕድሜው ከኔ ያንሳል። ከደጋው መጥቶ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ጆንያ ይሸከማል። ከዚያ በፊት እንደ ብዙ የአካባቢው ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ደርሶ ተመልሷል። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ትኩሳት ያዘው፣ ወባ ነው ብሎ ክኒን ገዝቶ ዋጠ፣ አልተሻለውም፣ ሰውነቱ ከሳ፣ ሆዱ ግን አበጠ። ሰንበቴ የለውም። እድር የለውም። ማኅበር የለውም። ክፍሉ ውስጥ ወድቆ ያገኘው ማን ነው? የቤት አከራዩ። የኪራይ ቀን ደርሶ ነበር።

ካላዛር ነበር። በመተማና በሑመራ ቆላ የታወቀ በሽታ ነው፤ የአሸዋ ዝንብ ነው የምታስተላልፈው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከምና ፎገራ ውስጥ ሲነሣም በመጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ብዙ ሰው አልቆበታል። ሳይታከሙ ቢቀሩ የሚገድል፣ ከታከሙ የሚድን በሽታ ነው። ልጁ ዳነ። ሐኪም ቤት አብረውት የሰነበቱት፣ በፈረቃ ያደሩት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ መዝሙር የሚያጠኑ ልጆች። አከራዩ ነው ሄዶ የነገራቸው። ግን እስቲ አስቡት፦ ያ የኪራይ ቀን ከሳምንት በኋላ ቢሆንስ ኖሮ?

«የጤና መድኅን አልነበረውም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ፎገራ እኮ በዚህ ጉዳይ ቀዳሚ ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዱ ፎገራ ነበር። ቤተሰብ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፣ መክፈል የማይችሉትን ድሆች መንግሥት ይሸፍናል። ጥሩ ነገር ነው፤ የእናቴን የስኳር መድኃኒት የሚችለው እሱ ነው። ግን አባልነቱ በቤተሰብና በቀበሌ ነው። ብቻውን በኪራይ የሚኖር፣ መታወቂያው የሌላ ወረዳ የሆነ የቀን ሠራተኛ የማን ቤተሰብ ነው? ድሃ ተብሎ እንዲመዘገብስ ድሃ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል።

በዚሁ ወረዳ አውራ አምባ አለች፤ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቷት፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሌላት ማኅበረሰብ። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን አብረው የሚኖሩበት ቤት አላቸው። ስለ እምነታቸው ከሰንበቴ ሰዎች ጋር ብታወሩ ክርክሩ አያልቅም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለቱ ወገን በጉርብትና ተቀምጠው ለተመሳሳይ ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ መኖራቸው ነው።

ልጁ ከዳነ በኋላ ሰንበቴ መግባት እፈልጋለሁ አለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተካረረው። መግቢያ ይከፈላል፤ እሱስ ይሁን። ተራው ሲደርስ ግን የት ነው የሚጠምቀው? ሦስት በሦስት ክፍል፣ የጋራ ግቢ፣ ማጀት የለም፣ ሚስት የለችም፣ እናቱ ሩቅ ናት። አንዳንዶቹ «ተራ ያላወጣ አባል እንዴት ይሆናል? ነገ ሁሉም በነፃ ልቀመጥ ይላል» አሉ። ከኢኮኖሚክስ አንጻር ስህተት አይደሉም፤ ሳይከፍል የሚጠቀም ሰው ሲበዛ ማንኛውም ማኅበር ይፈርሳል። ሌሎቹ ደግሞ «ታዲያ ሲሞት ነው የምናውቀው?» አሉ። እነሱም አልተሳሳቱም።

እኔ በወጣትነቴ ቴክኖሎጂ አመጣሁላቸው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ልጁም ተራውን በብር ይክፈል፣ ሩቅ ያለነውም ከያለንበት እንላክ፣ ድግሱን አንድ ሰው በክፍያ ያዘጋጅ፣ የቴሌግራም ግሩፕም ይከፈት አልኩ። ሙሴው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ «በ2015 ነሐሴ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ስንት ወር ቆየ?» አሉኝ። ብዙ ወር ነበር። በዚያ ጊዜ መንገድ ሲዘጋም ስልክ ሲጠፋም እሑድ እሑድ ቅዳሴው ነበር፣ መደቡም ነበር። ቀጠሉና «ልጄ፣ ብሩን ብትልከው እናትህ ይቀበሉታል፤ አንተ ታመህ እንደሆን ግን ከብሩ ላይ አይነበብም» አሉ። ስለ ታይፎይዱ እናቴ ነግራቸው ነው እንዴ ብዬ አፈጠጥኩባት፤ ወደ ጣሪያው አየች።

ብሩ አያስፈልግም እያሉ አልነበረም። ቆርቆሮው ሲቀየር ከውጭ አገር ካሉ ልጆች የተላከ ገንዘብ ነው የሸፈነው፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ግን በየዓመቱ የሚልከው ሲጨምር የሚቀመጠው እየቀነሰ ነው። መደቡ ላይ ካሉት ውስጥ ከአርባ ዓመት በታች የሆኑትን በአንድ እጅ ጣቶቼ ቆጠርኳቸው።

የዚያን ቀን ማታ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች (ሽንኩርቱም የፎገራ ነው፣ ያስለቅሳል) አንድ ሐሳብ አመጣች። «አንተ ቦታ አለህ፣ እዚህ የለህም። እሱ እዚህ አለ፣ ቦታ የለውም። ለምን አንድ ሰው አትሆኑም?» አለች። እሱ በአባቴ ቦታ ይቀመጣል። ተራችን ሲደርስ እሱ ከሚሠራበት ሩዝ ያመጣል፣ እንጨቱንና ውኃውን ይሸከማል፤ እኔ ጌሾውንና ጤፉን እገዛለሁ፤ ጠላው እዚሁ በሷ ጋን ይጠመቃል። የሩዝ ጠላ በፎገራ የተለመደ ነው፤ ነጣ ብሎ ቀለል ያለ ነው፣ አትናቁት። እኔ ስመጣ ደግሞ ተጠጋግተን እንቀመጣለን።

ሙሴው ሲሰሙ ዝም አሉ። ቀጥለው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሲባረክ የማን ስም ይነሣ?»

እናቴ የሁለቱም አለች። ጉዳዩ ለአባላቱ ቀርቧል፤ የሚቃወሙ አሉ፣ ከመካከላቸውም አንዱ ገብሱ ከፋርጣ ሲመጣ አህያዋን ያራገፉት ሰውዬ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ይወሰናል ተብሏል። የኛ ተራ ሰኔ ላይ ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ። ልጁ እስከዚያው እሑድ እሑድ ከበሩ አጠገብ፣ ከቆሎ ተማሪዎቹ ጋር እየተቀመጠ ነው። ባለፈው እሑድ እናቴ ስትደውል የቀሩትን ሰዎች ዝርዝር ከነገረችኝ በኋላ «ያ ልጅ ግን ነበረ» አለችኝ።